ሞተሩ ጤነኛ ነበር፦ አዳማ ውስጥ በግቢ የታደሰች ፒካፕ

ጉዳዩ የአንዲት ቶዮታ ሃይሉክስ ነው። የ1992 ሞዴል፣ ነጠላ ጋቢና፣ ፎርዊል ናት። ሞተሯ ሦስት ኤል የሚባለው ነው፤ 2,779 ሲሲ፣ አራት ፒስተን፣ ቱርቦ የሌለው ናፍጣ። ባለቤቷ አጎቴ ናቸው። ከመቂና ከቆቃ ሽንኩርትና ቲማቲም ወደ አዳማ፣ ከአዳማ ደግሞ ማዳበሪያ ወደ ገበሬው ስታመላልስ ኖራለች። ልጆች ያስተማረች መኪና ናት።

ከዚያ ቆመች። ሞጆ መንገድ ላይ ሂት አደረገች፣ ውሃዋን ተፋች፣ ተጎትታ ገባች። የወሰዷት ጋራዥ ኮፈኑን ከፍቶ ብዙም ሳይቆይ ፍርዱን ሰጠ፦ «ቴስታታው ተሰንጥቋል፤ ሞተር ይቀየር።» ቴስታታ ሲሊንደሮቹን ከላይ የሚከድነው የሞተሩ ክፍል ነው። የተጠየቀው ገንዘብ አጎቴ እጅ አልነበረም። መኪናዋ ግቢ ውስጥ ቆርቆሮ ሥር ሦስት ክረምት አለፋት። ዶሮዎቹ የኋላ መጫኛዋ ውስጥ እንቁላል መጣል ጀመሩ።

ታሪኩን በዝርዝር የምጽፈው በአንድ ምክንያት ነው። የመኪናዋ በሽታ ሞተሩ ላይ አልነበረም። ሞተሩ ተቀይሮ ቢሆን ኖሮ ያው በሽታ አዲሱንም ሞተር ይበላው ነበር። በዚያ ላይ ደግሞ ማንም ያላየው፣ ሰው ሊገድል የሚችል ጉዳት ሌላ ቦታ ተደብቆ ነበር።

«ሽጧት፣ ለብረት ትሂድ» ያለ ዘመድ አልጠፋም። ሒሳቡ ግን እንደዚያ አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ማስገባትን እጅግ አስወደደው። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ከውጭ እንዳይገቡ ተከለከለ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ የመለዋወጫ ዋጋም አብሮ ዘለለ። እዚህ አገር ንጹሕ ሊብሬ ያላት የናፍጣ ፒካፕ እንጀራ ናት። አጎቴም የሚፈልጓት ለጌጥ አልነበረም። ሽንኩርት እንድትጭን ነው። ይህ ፍላጎት ሥራውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ መራው።

ሦስት ሰው ነበርን፦ አጎቴ፣ እኔና አንድ ወጣት መካኒክ። እኔ የምሠራው በፋብሪካ ጥገና ክፍል ነው። ልጁ ሳምንቱን ጋራዥ ይውላል፤ ቅዳሜና እሁድ ወደ እኛ ይመጣል። አጎቴን «ፋዘር» ይላቸዋል፤ እሳቸው ደግሞ ስሙን ትተው «ማስተር» ይሉታል። ብየዳው ላይ ስንደርስ አንድ የሰፈር ባለሙያ ተጨመረ።

ሳይፈታ መመርመር

የመጀመሪያው ውሳኔያችን ዝም ብሎ መፍታት የለም የሚል ነበር። ግቢ ውስጥ የሚጀመር እድሳት አብዛኛውን ጊዜ የሚሞተው እዚህ ላይ ነው። በአንድ ቅዳሜ ጉጉት ሁሉም ነገር ይፈታል። ብሎኑ ጣሳ ውስጥ፣ ቱቦው ጆንያ ውስጥ ይገባል። ከዚያ ገንዘብ ያልቃል፣ ወይም መካኒኩ ይጠፋል። መኪናዋም ከቆመችበት በባሰ ሁኔታ ተበትና ትቀራለች። በየሰፈሩ እንዲህ የቀሩ መኪኖች አይቻለሁ፤ አንጀት ይበላሉ።

ስለዚህ «ተሰንጥቋል» የተባለውን እንደ ጥርጣሬ እንጂ እንደ ውጤት አልወሰድነውም። ጥርጣሬው መሠረት ነበረው። የቶዮታ ሁለት ኤልና ሦስት ኤል ሞተሮች ሙቀት ሲበዛባቸው ቴስታታቸው በቫልቮቹ መካከል በመሰንጠቅ ይታወቃሉ። ጋራዡ ከባዶ አልተነሳም። የጎደለው መለካት ነው።

ሞተሩን ከማስነሳታችን በፊት ሳልቫትዮው ወርዶ ታጠበ፤ የቆየው ናፍጣ ተደፋ፤ ዘይትና ፊልትሮ ተቀየሩ። የወጣው ዘይት ጥቁር ነበር፣ ግን ውሃ አልገባበትም። ውሃ የገባበት ዘይት ወተት የነካው ቡና ይመስላል፤ ያን የመሰለ ነገር አላየንም። ታይሚንግ ቺንጋውም ተቀየረ። ዕድሜው የማይታወቅ፣ ሦስት ዓመት የቆመ ቺንጋ ሞተሩ ሲዞር ቢበጠስ ፒስተን ከቫልቭ ይጋጫል። ያኔ የተሳሳተው ምርመራ በገዛ እጃችን እውነት ይሆን ነበር። ልጁ አዲሱን ካሰረ በኋላ ፑሌጃውን በመፍቻ ይዞ ሞተሩን በእጁ ቀስ ብሎ ሁለት ዙር አዞረው። የሚነካካ ነገር አልነበረም።

ቀጥሎ ኮምፕረሽን፣ ማለትም ሲሊንደሮቹ አየር ሲጨምቁ የሚፈጥሩትን ግፊት፣ ለካን። ለናፍጣ የሚሆነው መለኪያ ከቤንዚኑ የተለየ ነው፤ ልጁ ከሚሠራበት ቦታ ተውሶ አመጣው። ማሞቂያ ካንዴላዎቹ እየተነቀሉ በየቀዳዳቸው ተለካ። ከአራቱም ሲሊንደር የመጣው ቁጥር 25 ባር ገደማ ነበር። ልጁ ፊቱ ጠቆረ። የፋብሪካው መመሪያ ጥሩ ሞተር 32 አካባቢ ማሳየት አለበት ስለሚል ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ጤነኛ ሞተር በዚህ ቁጥር ምክንያት ተፈርዶበታል ብዬ አምናለሁ። የመመሪያው ቁጥር የባሕር ወለል ቁጥር ነው። አዳማ ከባሕር ወለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው በአንድ አምስተኛ ገደማ ያንሳል። ሲሊንደሩ የሚጨምቀው አየር ከመነሻው ቀጭን ነው። ስለዚህ የባሕር ወለሉ 32 አዳማ ላይ 26 ገደማ ይሆናል። አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ከዚያም ይወርዳል። 25 ማለት ለአዳማ ጥሩ ቁጥር ነው። ከሁሉ በላይ የሚያስደስተው ደግሞ አራቱ ሲሊንደሮች መቀራረባቸው ነበር። የተሰነጠቀ ቴስታታ ወይም የተበላ ጋስኬት (ከቴስታታው ሥር ያለው ማሸጊያ) አብዛኛውን ጊዜ አንዱን ወይም ጎን ለጎን ያሉ ሁለቱን ለይቶ ይጥላል።

የመጨረሻው ፈተና ቀላል ነው፤ ማንም ሰው ቤቱ ሊያደርገው ይችላል። ሞተሩ ገና ቀዝቃዛ እያለ የራዲያተሩን ክዳን ከፍተን አስነሳነው። ቴስታታ ከተሰነጠቀ የሲሊንደሩ ጋዝ ወደ ውሃው ይገባል። ውሃው ሳይሞቅ አረፋ ይደፍቃል፣ ጭስ ጭስ ይሸታል። ሞተሩ ሲነሳ ጥቂት አረፋ ብቅ አለ።

«አየህ ማስተር!» አሉ አጎቴ።

«ፋዘር ይቆዩ፣ ታፍኖ የቆየ አየር ነው» አላቸው።

እውነቱን ነበር። ትንሽ ቆይቶ አረፋው ጠፋ። ውሃው በራዲያተሩ አፍ ላይ ዝም ብሎ ይንቀጠቀጥ ነበር እንጂ አልተፋም። አጎቴ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ሞተሩን ረጅም ጊዜ አዩት። «ሦስት ዓመት በከንቱ!» አሉ። ቁጣቸው ገባኝ።

ታዲያ ለምን ሞቀች?

መልሱ ሦስት ቦታ ተገኘ፤ ሦስቱም ርካሽ ነገሮች ናቸው።

የራዲያተሩ ክዳን ላይ 0.9 ተጽፎበታል። ይህ የሚይዘው ግፊት ነው። ክዳኑን ስናገላብጠው ጎሚኒው ደርቆ ተሰነጣጥቋል፣ ሞላውም ደክሟል። ክዳን ምን ያደርጋል ይባላል፤ አዳማ ላይ ግን ብዙ ነገር ያደርጋል። ውሃ እዚህ ከፍታ ላይ 100 ዲግሪ ሳይደርስ፣ 95 ገደማ ላይ ይፈላል። ዳገት ላይ ጭነት የያዘ የናፍጣ ሞተር ውሃ በቀላሉ እዚያ ይደርሳል። ክዳኑ ግፊቱን ሲይዝ ውሃው ከ110 ዲግሪ በላይም ሳይፈላ ይቆያል። ክዳኑ ካልያዘ ግን ሞተሩ ገና ደህና እያለ ውሃው ፈልቶ ይወጣል። ውሃ ከወጣ በኋላ ደግሞ ሙቀቱ የእውነት ይሆናል።

ቴርሞስታቱ ተነቅሎ ተጥሏል። አገራችን ውስጥ የተለመደ ነገር ነው። መኪና ሲሞቅ «ቴርሞስታቱ ይውጣ፣ ውሃው እንደልቡ ይሂድ» ይባላል። በዚህ ሞተር ላይ ግን ቴርሞስታቱ ሁለት ሥራ አለው። ሲሞቅ ወደ ራዲያተሩ የሚወስደውን በር ይከፍታል፤ በታችኛው ጫፉ ደግሞ ወደ ሞተሩ የሚመልሰውን አቋራጭ ይዘጋል። ሲነቀል አቋራጩ ክፍት ሆኖ ይቀራል። ከውሃው ከፊሉ ራዲያተሩን ሳያይ ተመልሶ ሞተር ውስጥ ይገባል። ባለ 82 ዲግሪ አዲስ ቴርሞስታት ገዝተን መለስነው። ከመግጠማችን በፊት ድስት ውስጥ ውሃ እያፈላን ሲከፈት አየነው። አጎቴ በጣም የተገረሙት በዚህ ነው።

ሦስተኛው ራዲያተሩ ራሱ ነበር። ለዓመታት የተሞላው በቧንቧና በጉድጓድ ውሃ ነው። ራዲያተር ሠሪው የላይኛውን ታንክ በእሳት አላቅቆ ሲያሳየን ከቱቦዎቹ ከግማሽ በላዩ ተደፍኗል። የደፈናቸው ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋገረው ያው ነጭ ነገር ነው። የመዳብ ራዲያተር በመሆኑ ዕድለኛ ነበርን። ቱቦዎቹ በቀጭን ብረት ተጠረጉ፣ ታንኩ ተመልሶ ተበየደ። የዛሬዎቹ የአሉሚኒየምና የፕላስቲክ ራዲያተሮች እንዲህ አይታዘዙም። አሁን ውስጡ ያለው ኩላንትና የተጣራ ውሃ ብቻ ነው።

ሞተሩ ውስጡ ሳይከፈት ቀረ። ይህ ከገንዘቡ ሌላ የወረቀት ጣጣም አዳነን። ሊብሬው ላይ የሻንሲ ቁጥር ብቻ ሳይሆን የሞተር ቁጥርም አለ። ሞተር ሲቀየር የአዲሱ ሞተር ሕጋዊ ሰነድ ቀርቦ ሊብሬው መስተካከል አለበት። ከየት እንደመጣ ያልታወቀ ሞተር የገጠመ ሰው ሊሸጥ ሲነሳ ነው የሚያለቅሰው።

ማዳበሪያ የበላው ሻንሲ

ሞተሩ ሲነሳ ሠፈሩ ሁሉ «አለቀ» ብሎ ነበር። እኔ ግን ገና መጀመሩ ነው የሚል ስሜት ነበረኝ፤ ምክንያቱ የመኪናዋ ታሪክ ነው። አዳማ ደረቅ አገር ናት፣ ብረት እንደ ባሕር ዳርቻ አይዝግም። ነገር ግን መኪናዋ ማዳበሪያ ጭናለች። ዩሪያም ሆነ ሌላው ማዳበሪያ ከአየሩ እርጥበት ይስባል። ከተቀደደ ጆንያ የፈሰሰው ዱቄት በወለሉ ቀዳዳ ወርዶ መኪናዋን ከሥር በሚሸከመው ብረት፣ በሻንሲው ላይ ይቀመጣል። ማታ ይረጥባል፣ ቀን ይደርቃል፣ ብረቱን እየበላ ይሄዳል።

ካሶኒው፣ ማለትም የኋላ መጫኛው፣ መውረድ ነበረበት። ብሎኖቹ አልፈታ ብለው አብዛኞቹ በግራይንደር ተቆረጡ። ጎረቤት ተጠራ፤ ስድስት ሰው ከስፖንዳው ይዞ አነሳው። አንዱ ጎረቤት በኦሮምኛ እየቆጠረ ነበር ያነሳነው፤ «ቶኮ፣ ላማ፣ ሰዲ» ሲል ሁሉም አንድ ላይ።

ላዩ መጥፎ አይመስልም ነበር። ጥቁር ቀለም፣ የደረቀ ጭቃ፣ አቧራ። ልጁ ትንሽ መዶሻ ይዞ ከጋቢናው ኋላ ጀምሮ ሻንሲውን እየመታ ሄደ። ጤነኛው ብረት ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል። ከኋላ ባሌስትራው የፊት ማሰሪያ ትንሽ አለፍ ብሎ፣ ሻንሲው ወደ ላይ በሚጎብጥበት ቦታ፣ ድምፁ ፈዘዘ። አንድ ጊዜ ጠንከር አድርጎ ሲመታ መዶሻው ገባ። ዝገቱ እንደ ቅጠል በንብርብር ተላጠ። ከውስጡ ነጭ ዱቄት ፈሰሰ። ማዳበሪያው እዚያው ነበር።

አጎቴ ዝም አሉ። እኔም ዝም አልኩ። ይህች መኪና በዚህ ሻንሲ ከአንድ ቶን የማያንስ ሽንኩርት ጭና ዳገት ወጥታለች። አዲስ ሞተር ተገጥሞላት ወደ ሥራ ተመልሳ ቢሆን አንድ ቀን መንገድ ላይ መሐሏ ይታጠፍ ነበር።

ጥገናው የሥራችን ትልቁ ክፍል ሆነ። መጀመሪያ የሻንሲው ውስጥ በብዙ ውሃ ታጠበ፤ ማዳበሪያው ካልወጣ ላዩን መበየድ ከንቱ ነው። ከዚያ የአዳማ ፀሐይ ሥራዋን ሠራች። የተበላው ብረት ጤነኛው እስኪገኝ ድረስ ተቆረጠ። ባትሪው ወረደ፣ የዲናሞው ገመድ ተፈታ፣ ሳልቫትዮው ቀድሞም ወጥቶ ነበር። መኪናዋ ከሥሯ በአራት ቦታ በእኩል ተደግፋ ሻንሲው እንዳይጣመም ተደረገ።

በያጁ መጀመሪያ ያሰበው አራት ማዕዘን ላሜራ ቆርጦ ዙሪያውን ጥብቅ አድርጎ መበየድ ነበር። እዚህ ላይ ተከራከርን። ሻንሲ በጭነት ይለመጣል። ከላይ እስከ ታች ቀጥ ብሎ የተበየደ መስመር ካለ ልምጩ ሁሉ እዚያች መስመር ላይ ይሰበሰባል። ስንጥቁም ከዚያው ይጀምራል። ስለዚህ የሚለጠፈው ብረት ጫፉ የሾለ፣ ሰያፍ መሆን አለበት፤ የሻንሲውን የላይና የታች ከንፈር አቋርጦ የሚሄድ ብየዳም መኖር የለበትም። በያጁ አዳመጠ፤ ካርቶን ላይ ልክ አውጥቶ አሳየን። ብየዳው አጭር አጭር እየተደረገ፣ እየቀዘቀዘ፣ ከቦታ ቦታ እየተዘዋወረ ተሠራ። የምንሠራው ማለዳ ነበር፤ ማታ መብራቱ ስለሚደክም ማሽኑ ብረቱን በደንብ አያቀልጠውም። ሲያልቅ አንቲረስት ተቀባ። ውስጡ ላይ ደግሞ ግሪስና ዘይት አብረን አሙቀን አፈሰስንበት።

አንድ ነገር ላይ ግን ማንም እጁን እንዳያነሳ ከልክዬ ነበር። የሻንሲው ቁጥር የተመታው ከፊት በቀኝ በኩል፣ ጎማው አጠገብ ነው። አቧራና ቀላል ዝገት ሸፍኖታል። ግራይንደርም ብርጭቆ ወረቀትም እንዳይነካው አልኩ። ቁጥሩ ዙሪያ የተፋቀ ብረት ያየ መርማሪ «ቁጥሩ ተነካክቷል» ማለቱ አይቀርም፤ ያኔ ሌላ ጣጣ ነው። በናፍጣ በራሰ ጨርቅና በጥርስ ብሩሽ ቀስ ተብሎ ጸዳ። ከሊብሬው ጋር አንድ በአንድ ተመሳከረ። ልክ ነበር።

ፍሬንና ቀለም

ፍሬኑ ላይ አንከራከርም አልን። ጎሚኒዎቹ ሁሉ፣ ማስተር ሲሊንደሩ፣ የጎማ ቱቦዎቹ፣ የኋላ ፍሬን ሸራ፣ ሁሉም አዲስ። ሦስት ዓመት የቆመ የፍሬን ዘይት እርጥበት ጠጥቶ የፍሬኑን ሲሊንደሮች ከውስጥ አዝጓቸዋል።

አንዷን ዕቃ ብቻ ላንሳ። ከኋላ አክሱ ጋር በዘንግ የተያያዘች ቫልቭ አለች። ጭነቱ ሲከብድ ለኋላ ፍሬን ብዙ ግፊት ትሰጣለች፤ ባዶ ስትሆን ትቀንሳለች። የእኛዋ ዝጋ ተጣብቃለች። ብዙ ቦታ ይህቺ ቫልቭ ትጣልና ቱቦው በቀጥታ ይያያዛል። ልጁም ያንኑ ሐሳብ አቀረበ፤ ያየው እሱን ነው። ነገር ግን ባዶ ፒካፕ እርጥብ አስፋልት ላይ የኋላ ጎማዋ ቀድሞ ከተያዘ ትሽከረከራለች። አጎቴ ራሳቸው «ክረምት ላይ የአንድ ወዳጄ መኪና እንዲህ ዞራ ቦይ ገብታለች» አሉ። ያገለገለች ግን የምትሠራ ቫልቭ አዲስ አበባ፣ ሶማሌ ተራ ተገኘች። ዘንጓ እንደ ጭነቱ ተስተካክላ ታሰረች።

ቀለሙ ብዙ ወሬ የለውም። ነጭ ነበረች፣ ነጭ ሆነች፤ ሊብሬው ላይ ያለው ቀለም ያው ስለሆነ። የአዳማ ንፋስ ግን ሊነገር ይገባዋል። የከተማዋ ዳርቻ ላይ 51 እና 153 ሜጋዋት የሚያመነጩ ሁለት የንፋስ ኃይል ማመንጫዎች የተተከሉት ያለ ነገር አይደለም። እርጥብ ቀለም ላይ ያ ንፋስ አቧራውን ይዞ ሲመጣ የሁለት ሳምንት ስቱኮና ሞረዳ ገደል ይገባል። ግቢው ውሃ ተረጨ፣ ዙሪያው በሸራ ተጋረደ፤ ቀለሙ ገና ጎህ ሲቀድ ተረጨ። እንደ ፋብሪካ አልሆነም። በሩ ላይ ጎንበስ ብሎ ያየ ሰው ጥቃቅን ፍሬ ያገኛል። አጎቴ «ሽንኩርቱ አይቆጣም» ብለው ተቀበሉት።

አሰላ

ሰው የሚያምነው በዳገት ነው። ወደ ወንጂ ሜዳውን ሄደን ስንመለስ ሁሉም ደህና ነበር፤ ሜዳ ግን ምንም አይናገርም። ስለዚህ ሽንኩርት ጭነን ወደ አሰላ ወጣን። መንገዱ ወደ 75 ኪሎ ሜትር ነው። በደራና በኢተያ አድርጎ ከአዳማ 1,600 ሜትር ተነስቶ 2,400 ሜትር ገደማ ይደርሳል። አጎቴ መሪውን ለማንም አልሰጡም። እኔ የሙቀት መለኪያውን ነበር የማየው። መርፌዋ ከግማሹ ዝቅ ብላ ቆመች፤ ኢተያ ዳገት ላይ ትንሽ ከፍ አለች፣ ሜዳው ሲመጣ ተመለሰች። አሰላ ደርሰን ሞተሩን ስናጠፋ ከራዲያተሩ ጠብታ አልወጣም። መልስ ላይ ቁልቁለቱን ፍሬኑ ሳይስብ፣ ሳይጮህ ያዘ። ግቢ ስንደርስ የሻንሲውን ብየዳ በባትሪ መብራት እየዞርን አየነው፤ ቀለሙ እንኳ አልተሰነጠቀም።

ከወጣው ገንዘብ ግማሽ ያህሉ የሄደው ለሻንሲውና ለካሶኒው ወለል ነው። ከቀሪው ትልቁ ድርሻ የፍሬኑና የጎማዎቹ ነው። የሙቀቱ ችግር፣ ማለትም ክዳኑ፣ ቴርሞስታቱና ራዲያተሩ፣ ከሁሉም ያነሰው ወጪ ነው። ሁሉም ተደምሮ ጋራዡ ለሞተር ብቻ ከጠየቀው በታች ሆነ።

መኪናዋ ምርመራውን አልፋ ቦሎ ተለጠፈላት፤ አሁን ከመቂ ትጭናለች። ማዳበሪያ ስትጭን ወለሉ ላይ ወፍራም ላስቲክ ይነጠፋል፣ ባወረደች ማግስት ከሥር በውሃ ትታጠባለች። ሁለተኛ ማርሽ ስትገባ ካምቢዮዋ ትንጫጫለች፤ ቅዝቃዜ ሲሆን ይብስባታል። ልጁ ሲንክሮው፣ ማርሾቹ ሳይጋጩ እንዲገቡ የሚያደርገው ቀለበት፣ ተበልቷል ይላል። ክረምት ሲገባ፣ የሽንኩርት ሥራ ሲቀዘቅዝ፣ ካምቢዮው ይወርዳል። ዕቃውን ከአሁኑ እያፈላለግን ነው።